በግዳጅ የቆሰለ ወታደር የጉዳት ጡረታ ለምን ይዘገያል?

ጥያቄ፦ የቀድሞ የሠራዊት አባል ነኝ፤ ማዕረጌ አስር አለቃ ነበር። 7 ዓመት አገልግያለሁ። ግዳጅ ላይ እግሬን ተመትቼ በቦርድ ተሰናበትኩ። አሁን የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። የጡረታ ማመልከቻዬ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። በደወልኩ ቁጥር «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። አንድ ሰው ደግሞ «ከውዝፉ ሲሶውን ከሰጠኸኝ በወር ውስጥ አስጨርስልሃለሁ» አለኝ። በሕግ ስንት ጊዜ ነው የሚፈጀው? አቤት የምለውስ ለማን ነው?

መልስ፦ አስር አለቃ፣ እንኳን በሕይወት ለቤትዎ በቁ።

ቀን ቆርጠው የሚነግሩዎትን አይመኑ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቀረበለትን ጉዳይ በተገቢው ጊዜ እንዲወስን ያስገድዳል። ግን መሥሪያ ቤቱ ጊዜውን የሚቆጥረው ማስረጃው ተሟልቶ ከቀረበለት ቀን ጀምሮ ነው። ማመልከቻዎ ዓመት ሊሞላው ይችላል፤ ፋይልዎ ግን ምናልባት ገና አልተሟላም። ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚህ ላይ ነው።

ፋይልዎ በአንድ እጅ ብቻ አያልፍም። ጉዳቱ የት፣ መቼ፣ እንዴት እንደደረሰ የሚመሰክረው የነበሩበት ክፍል ነው። ምን ያህል እንደተጎዱ የሚወስነው የሕክምና ቦርዱ ነው። መከላከያ የአገልግሎት ዘመንዎንና ደመወዝዎን አስልቶ ይልካል። አበሉን የሚወስነውና የሚከፍለው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። እዚህ አንድ ወረቀት ከጎደለ ፋይሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ማንም አይደውልልዎትም። ስለዚህ «አለቀ ወይ?» ብለው አይጠይቁ። «ፋይሌ ማን ዘንድ ነው? ምን ጎድሎታል?» ይበሉ። ጥያቄውም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ይዘው መዝገብ ቤት ይግቡ፤ አንዱን ይስጡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱበት። ያቺ ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ከመቶ የስልክ ጥሪ ትበልጣለች። ነገ አቤት ሲሉ «መቼ ጠየቅክ?» ይባላሉ፤ ማስረጃዎ እሷ ናት።

ከመዘግየቱ በላይ እኔን ያሳሰበኝ ግን 7 ዓመት ያሉት ነገር ነው። ወታደርም በሚካተትበት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ (አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው) በጤና ጉድለት መሰናበትና በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት መሰናበት ለየብቻ ናቸው። ታሞ የተሰናበተ ሰው ዘላቂ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። ካልሞላለት ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ፣ ይሰጠውና ያበቃል። በሥራ ላይ ተጎድቶ ለዘለቄታው መሥራት ላቃተው ሰው ግን የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም፤ አንድ ዓመት ያገለገለም ቢሆን የጉዳት ጡረታ ያገኛል።

እንግዲህ የቦርድ ወረቀትዎን አሁኑኑ ያውጡና ያንብቡት። «በግዳጅ ላይ በደረሰ ጉዳት» ይላል ወይስ «በጤና ምክንያት» ብቻ? ሁለተኛውን የሚል ከሆነ ፋይሉ ቶሎ ቢያልቅም ለእርስዎ አይበጅም፤ ቶሎ የሚያልቀው በዳረጎት ነው። ከመወሰኑ በፊት ክፍልዎ ጉዳቱን በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። መጀመሪያ የታከሙበትን የሕክምና ካርድ ኮፒም ያያይዙ። አብረውዎት የነበሩ ጓዶች ምስክርነት ይረዳል፤ ነገር ግን የክፍሉን ደብዳቤ አይተካም።

ስምዎንም ያመሳክሩ። በሠራዊቱ መታወቂያ «ኃይለ ማርያም»፣ በቀበሌው «ሀይለማሪያም»፣ በባንክ ደብተሩ «ኃ/ማርያም» ከሆነ ሦስት ሰው ነዎት ማለት ነው። ሳቅ የሚያመጣ ነገር ነው፤ ግን ፋይል ሲያስመልስ አይቻለሁ።

ያንን ሲሶ የጠየቀዎትን ሰው በሩቁ ይሸኙት። የጡረታ መብት ለሌላ ሰው አይተላለፍም። በዕዳም አይያዝም፤ ፍርድ ቤት ለመንግሥት ግብር፣ ለቅጣት ወይም ለቀለብ ካላዘዘ በቀር። እንዲህ ያለ ውል ቢፈርሙ በሕግ አይጸናም። እሱ ግን ወረቀቱን ይዞ ሲያስፈራራዎት ይኖራል። ውዝፉ እንደሆነ አይጠፋም፤ መብቱ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ታስቦ ለእርስዎ ነው የሚከፈለው። ሆኖም ይርጋ የሚባል፣ በጊዜው ያልተጠየቀን መብት የሚያስቀር የጊዜ ገደብ ስላለ ጉዳዩን ሳይጠይቁ ዓመታት አያሳልፉ።

አቤቱታን በተመለከተ፣ መሐል ሜዳ ወረዳ ፍርድ ቤት ክስ አይክፈቱ፤ «ሥልጣን የለኝም» ብሎ ይመልስዎታል። ውሳኔ ተሰጥቶ ካልተስማሙበት ይግባኙ የሚቀርበው ለማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው። የይግባኙ ጊዜ አጭር ነው፤ የውሳኔው ደብዳቤ የደረሰዎትን ቀን እዚያው ላይ ይጻፉበት። ውሳኔ ጭራሽ ካልተሰጠ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ያመልክቱ። እሱም ዝም ካለ የኢትዮጵያ የዕንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው። በአዋጅ 1183/2012 መሠረት ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚወስድ መንገድም አለ፤ ያኔ ግን ጠበቃ ቢያማክሩ ይሻላል።

በዚያ እግር ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ መመላለስ የለብዎትም። አዲስ አበባ የሚኖር የሚያምኑት ዘመድ ካለዎት ውክልና ይስጡት። ውክልናው ላይ «ፋይል መከታተል፣ ማስረጃ ማቅረብና ውሳኔ መቀበል» የሚለው ይግባ። ገንዘብ መቀበልን አይጨምሩበት፤ አበሉ በራስዎ የባንክ ሒሳብ ይግባ።