ቀሚሷ ሁሉ ዶላር ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው አሜሪካ፣ ኔቫዳ ውስጥ ሬኖ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዴን ቨርጂኒያ ሲቲ ወሰድኩትና «ሲልቨር ኩዊን» (የብር ንግሥት) የሚባለው አሮጌ መጠጥ ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ ቀሚሷ በሙሉ በዶላር ሳንቲም የተሠራ የሴት ሥዕል አለ። ዘመዴ «እውነተኛ ብር ቢሆን እስካሁን ሸጠው በልተውት ነበር» ብሎ ድርቅ አለ። እስቲ ዳኙን።

መልስ፦ ዘመድህ ተረትቷል፣ ቢራ ይጋብዝህ። ሳንቲሞቹ የምር ብር ናቸው። የሴትዮዋ ቁመት 5 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ቀሚሷ ላይ የተደረደሩት 3,261 የብር ዶላሮች ናቸው፣ መቀነቷ ደግሞ 28 ባለ 20 ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች። አንዱ የብር ዶላር 26.73 ግራም ይመዝናል፤ 90 በመቶው ንጹህ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። አባዛውና ቀሚሷ ብቻ 87 ኪሎ ይመጣል።

ለምን አይሸጡትም ላላችሁት፣ ሸጠው ቢበሉት አንድ ቀን ነው። ተሰቅላ ስትውል ግን በየቀኑ ገበያ ትጠራለች። አንተስ ዘመድህን ይዘህ የገባኸው እሷን ልታሳየው አይደል?

ይሄ ሁሉ ብር ከየት መጣ የሚለው ግን የበለጠ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1859 እዚያ ተራራ ላይ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች አንድ ሰማያዊ ጭቃ እየተጣበቀ አስቸገራቸው፣ እነሱም እየተራገሙ ይደፉት ነበር። በኋላ ናሙናው ሲመረመር ጭቃው ብር ሆኖ ተገኘ፣ ያውም የተትረፈረፈ! ኮምስቶክ የሚባለው የታወቀ የብር ማዕድን ይሄ ነው፤ ቨርጂኒያ ሲቲ የተቆረቆረችውም በላዩ ላይ ነው። መንግሥት በ1870 እዚያው ቅርብ ካርሰን ሲቲ ላይ የሳንቲም ማተሚያ ከፈተ፣ እስከ 1893ም ሲያትም ቆየ። ሌላ ቀን ስትሄድ ጀርባውን ያዞረ ዶላር ካገኘህ ከንስሩ በታች፣ ከቅጠሉ ጉንጉን ሥር ተመልከት። ሁለት «ሲ» የላቲን ፊደል ካለበት የካርሰን ሲቲ ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበትም እሱ ነው።

ከዚያ የብር ዋጋ መውረድ ጀመረ። የማዕድን ባለሀብቶቹ ዝም አላሉም፣ ኮንግረሱን ወጥረው ያዙት። በ1878 የወጣው ሕግ ግምጃ ቤቱ በየወሩ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ብር እየገዛ ሳንቲም እንዲያደርገው አስገደደው። ግን ማን ይሸከመዋል? የምሥራቁ ሰው ወረቀት ይሻለኛል አለ፣ ሳንቲሙም አንድ ሺህ አንድ ሺህ እየሆነ በከረጢት ታስሮ ካዝና ውስጥ ተከመረ። ምዕራቡ ግን ብር መጨበጥ ይወድ ነበር፤ የኔቫዳ ቁማር ቤቶችም እስከ 1960ዎቹ ድረስ ያጫወቱት በዚሁ ሳንቲም ነው።

እስከ ማርች 1964 ድረስ የወረቀት ዶላር ሰጥተህ የብር ዶላር መቀበል ትችል ነበር፣ አንድ ለአንድ። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ባንኮኒህን በሺህ ሳንቲም ላስጊጥ ብትል ወጪህ ሺህ ዶላር ነው፣ በቃ። ዛሬ የውስጡ ብር ብቻ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ሞንታና፣ ሃውገን ላይ ያለው መጠጥ ቤት ይህን የጀመረው በ1952 በአንድ ዶላር ነበር፤ ደንበኛው የራሱን ሳንቲም እየሰጠ፣ ከሥሩ ስሙ እየተጻፈለት አሁን ከ50,000 አልፏል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከንግሥቲቱ ይልቅ ይሄኛው ይበልጥብኛል። ሳንቲሞቹ ባለቤት አላቸዋ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ትንሽ ካፌ አለኝ። በአሜሪካ መጠጥ ቤቶች ባንኮኒው ውስጥ ሳንቲም ደርድረው ከላይ ኢፖክሲ የሚባለውን ደርቆ የሚጠነክር ሙጫ ሲያፈሱበት ቪዲዮ አየሁ። አያቴ የተዉልኝን ማርትሬዛዎች አጽድቼ እንደዚያ ላደርጋቸው ነው። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ተይ እህቴ! የአያትሽን ተይ። ኢፖክሲ አንዴ ከደረቀ ሳንቲሙን ሳትጎጂ አታወጪውም። «አጽድቼ» ያልሽው ደግሞ ከሙጫው አይተናነስም። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና የሚታሸው ጥቁሩ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ብሩም አብሮ ይፋቃል፣ ጭረቱም አይለቅም። ሳንቲሙ የጠቆረው አየር ውስጥ ካለ ሰልፈር ጋር ተዋህዶ ነው፤ ተይው፣ ያምርበታል።

ባንኮኒው ካማረሽ ተራ ማርትሬዛ ግዢለት። ሁሉም ላይ 1780 የሚል ታገኚያለሽ፣ ከዚያ ወዲህም ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲያትሙት ስለኖሩ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርሽም። ስትገዢ ሚዛን ይዘሽ ሂጂ። ደህናው 28 ግራም ገደማ ነው፣ ማግኔት አይስበውም፣ ጠርዙ ዙሪያውን ጎበጥ ያለ ጽሑፍ አለው። (ከአሜሪካው ዶላር ይከብዳል፣ ግን 83.3 በመቶ ብቻ ስለሆነ ንጹህ ብሩ በጥቂቱ ያንሳል።)

የአያትሽን ማሳየት ከፈለግሽ እያንዳንዱን ጠንካራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ አድርገሽ መስታወት ሥር አስቀምጪው። ለስላሳውን ላስቲክ ግን እንዳትሞክሪ፣ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣበታል። ከከሰሉና ከዕጣኑም ራቅ አድርጊው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ሳንቲም ግድግዳ ላይ መለጠፍ ወንጀል አይደለም? እኛ ጋ ብር ላይ መጻፍ እንኳ ያስቆጣል።

መልስ፦ አይደለም። የእነሱ ሕግ የሚከለክለው ሳንቲምን ለማጭበርበር ሲባል መለወጥን ነው። ለጌጥ ብትለጥፈው የሚጠይቅህ የለም።