ጥያቄና መልስ፦ የሚቆራረጠው ጭራቅና የሚዋኘው ሰማይ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን ኩዌክ የተባለ ጌም ሰሞኑን ፔዳ አካባቢ ከሚኖር ጓደኛዬ ጋር እየተጫወትን ነው። ኮምፒውተሬ በሰከንድ 60 ፍሬም ያለ ችግር ያወጣል፤ ጭራቆቹ ግን ሲራመዱ ይቆራረጣሉ። ጓደኛዬ የጫነው፣ በኋላ ሰዎች ያሻሻሉት ቅጂ ለስላሳ ነው፤ ሆኖም መሣሪያው ሲተኮስ እሳቱ እንደ ምላስ እየተሳበ ይወጣል። በእኔ ቅጂ ደግሞ ስራመድ የሰማዩ ዳመና የሚዋኝ ይመስላል። ጉድለቱ የግራፊክስ ካርዴ ነው ወይስ የጌሙ?
የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ካርድዎ ምንም አላጠፋም። የጠቀሷቸው ሦስቱም ነገሮች የሚመነጩት ኢንጂኑ (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውና ምስሉን የሚስለው ፕሮግራም) በሁለት የታወቁ ነጥቦች መካከል ያለውን ክፍተት ከሚሞላበት፣ ወይም ጭራሹኑ ሳይሞላ ከሚተውበት መንገድ ነው።

በኩዌክ የጭራቁ አካል በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ሲሆን፣ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው አጥንት ወይም መገጣጠሚያ ሳይሆን፣ የማዕዘኖቹ ጫፎች በእያንዳንዱ አቋም የት እንደሚገኙ የሚናገር የቁጥር ዝርዝር ነው። አቋሙ የሚቀየረው በየ0.1 ሰከንዱ ስለሆነ፣ ኮምፒውተርዎ በሰከንድ 60 ጊዜ ቢስልም አንዱን አቋም ስድስት ጊዜ ደጋግሞ መሳሉ ነው። ጭራቁ ከቦታ ወደ ቦታ የሚራመደውም በዚሁ ምት ነው።

የምንጭ ኮዱ እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ በነጻ ፈቃድ ከተለቀቀ በኋላ፣ ብዙ ሰዎች ኢንጂኑን እያሻሻሉ መሃሉን የሚሞላ ስሌት ጨመሩበት። የጭራቁ ክርን በአንዱ አቋም 100 ላይ፣ በሚቀጥለው 120 ላይ ቢሆን፣ 0.04 ሰከንድ ሲያልፍ 108 ላይ ይሳላል፤ ስሌቱ ከዚህ አይበልጥም። አካሄዱም አብሮ ካልለሰለሰ ግን እግሩ በዝግታ እየተንቀሳቀሰ ገላው ይዘላል፤ ይህ በእኔ ዓይን ከመጀመሪያው መቆራረጥ የባሰ ነው።

ይህ ስሌት ግን ነጥቡ ከአቋም ወደ አቋም በቀጥታ መስመር ተጉዟል ብሎ ይገምታል፤ ግምቱም ሁልጊዜ አይሠምርም። ጣና ላይ የታንኳ ቀዛፊ መቅዘፊያውን ሲያዞር ጫፉ ቅስት ይሠራል፤ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ይዘን በቀጥታ መስመር ብናገናኛቸው መቅዘፊያው መሃል ላይ አጥሮ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሃፍ ላይፍ የተባለ ጌም፣ መሠረቱ የኩዌክ ኢንጂን ቢሆንም፣ ጭራቆቹን በአጥንት ማንቀሳቀሱ ይህን ችግር አስቀርቶለታል።

የጓደኛዎ የተኩስ እሳት የዚሁ ግምት ሰለባ ነው። የእሳቱ ነጥቦች ተኩስ በሌለበት ጊዜ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ተሸሽገው ይቆያሉ፤ ሲተኮስ በአንድ አቋም ብቻ ዘለው ይወጣሉ። ሠዓሊው የፈለገው ያንን ዝላይ ነበር፤ ለስላሳው ኢንጂን ግን ይህን ስለማያውቅ እሳቱን ከሆዱ ቀስ እያለ ይጎትተዋል። ፊትዝኩዌክ የተባለው የተሻሻለ ኢንጂን ጥሩ መላ አለው፦ የተኩስ ብልጭታ ምልክት ሲደርሰው ለሁለት አቋሞች ያህል ማለስለሱን ያቆማል።

ወደ ሰማዩ ስንመጣ፣ በሐይቁ ዳር ሲራመዱ ዘንባባዎቹ ወደ ኋላ እየቀሩ ከማዶ የሚታየው ዘጌ ግን አብሮዎት የሚሄድ እንደሚመስል ልብ ብለው ይሆናል። በጣም ሩቅ የሆነ ነገር የት እንደሚታይ የሚወስነው እርስዎ የቆሙበት ቦታ ሳይሆን የሚመለከቱበት አቅጣጫ ነው። ኩዌክም ሰማዩን በአቅጣጫ ብቻ ያሰላል፤ ከዚያ በፊት ወደ ላይ የሚያመለክተውን መጠን በ3 ስለሚያባዛው እንደ ጉልላት የታሰበው ሰማይ የተደፈጠጠ ይሆናል። ምስሉ 256 በ128 ፒክሰል ነው፤ የቀኙ ግማሽ የኋላው ሰማይ፣ የግራው ደግሞ ቦታ ቦታው ላይ የሚያሳልፍ የፊት ዳመና ነው። በኦፕንጂኤል ቅጂ (በግራፊክስ ካርድ አማካይነት በሚስለው) የኋላው በሰከንድ 8፣ የፊቱ 16 ፒክሰል ስለሚንሸራተቱ፣ በክረምት ጣና ላይ ዝቅ ያለው ዳመና ከላይኛው ፈጥኖ ሲያልፍ እንደምናየው ዓይነት ጥልቀት ይፈጠራል። ከአንዲት ትንሽ ምስል ይህን ያህል ማውጣታቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ዳመናው የሚዋኘው ይኸው የኦፕንጂኤል ቅጂ አቅጣጫውን በትክክል የሚያሰላው በሰማዩ ገጽ ማዕዘኖች ላይ ብቻ ስለሆነ ነው፤ መሃሉን በቀጥታ መስመር ይሞላዋል፤ የጉልላት ምስል ግን በቀጥታ መስመር አይሞላም። ስሕተቱን ለመቀነስ ገጹን በ128 አሃድ (የጌሙ ዓለም የርዝመት መለኪያ) እየቆራረጠ ይስለዋል፤ የቀረው ስሕተት ግን እርስዎ በተራመዱ ቁጥር ቦታውን ይቀያይራል። አዳዲሶቹ ኢንጂኖች አቅጣጫውን በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ በማስላት ይህን አስወግደውታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኩዌክ 2 በበኩሉ ሰማዩን በተመልካቹ ዙሪያ እንደ ሳጥን በቆሙ ስድስት ምስሎች ተካው፤ የሳጥኑ ገጾች ጠፍጣፋ ስለሆኑ በቀጥታ መስመር መሙላቱ እዚያ ልክ ይመጣል። ዳመናዎቹ ግን እንደ ቀድሞው አንዱ ሌላውን እየቀደመ አይሄድም፤ እኔ ብመርጥ የሚዋኘውን እመርጣለሁ።

በራስዎ ቅጂ ለማረጋገጥ ሰፊ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ያለ እንቅስቃሴ ይቁሙ፤ ዳመናው ይንሸራተታል እንጂ አይዋኝም። ከዚያ ዓይንዎን ከአንድ የዳመና ጠርዝ ላይ ሳያነሡ ወደ ጎን ሦስት አራት እርምጃ ይሂዱ፤ ጠርዙ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ያዩታል።