መክተፊያው ቡፌ ውስጥ እንዳይቀር

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ቀን ሹፌር ነኝ፤ ማታና እሑድ ጋራዤ ውስጥ እንጨት እሠራለሁ። ለፋሲካ አገር ቤት ስለምገባ ለእናቴ በእጄ የሠራሁት መክተፊያ ልወስድላት አስቤአለሁ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን የማትቀር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለድግስም ለዘወትርም ሽንኩርት ስትከትፍ የኖረች ሴት ናት። አሁን ያላት ፕላስቲክ መክተፊያ ጎብጦ ጠረጴዛው ላይ አይረጋላትም።

ያሰብኩት የእንጨቱ ክር ወደ ላይ የቆመውን (ቢላዋው የሚያርፈው እንደ ጉቶ ፊት በተቆረጠው ጫፍ ላይ ነው)፣ ነጣ ያለ የሜፕልና ጠቆር ያለ የዋልነት እንጨት በትንንሽ አራት ማዕዘን እየተጋጠመ የሚሠራውን ዓይነት ነው። ርዝመቱ 45፣ ወርዱ 30፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር። መሐሉ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ያለ ትልቅ መስቀል፣ ዙሪያውን የዋልነት ክፈፍ፣ ከላይ ደግሞ እንዲያበራ ኢፖክሲ፣ ፈስሶ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክረው ሙጫ። ሥዕሉን በስልክ ለእኅቴ ሳሳያት «በጣም ያምራል፤ ግን እማዬ ቡፌ ውስጥ ነው የምትቆልፍበት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መጋዙን ለማስነሳት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጌጡን ሁሉ ትቼ ተራ መክተፊያ ልሥራላት? ወይስ ቡፌ ውስጥም ቢቀመጥ ይሁን ልበል?

የእናቱ ልጅ፣ ከሜሪላንድ

መልስ

ወንድሜ፣ ጌጡን አትተው። ግን እኅትህ እናቷን ታውቃታለች፤ ባሰብከው መልክ ከሠራኸው መክተፊያው ቢላዋ ሳያርፍበት ይኖራል።

ከመስቀሉ ልጀምር። ቤተ ክርስቲያን የማትቀር እናት መስቀል ላይ ሽንኩርት አትከትፍም፤ ሥጋማ ጨርሶ አይታሰብም። ከሥዕለ አድኖው አጠገብ ታቆመዋለች እንጂ ወጥ ቤት አታስገባውም። ስለዚህ ጥለቱን ያዝ፣ መስቀሉን ተው። ጥለት ላይ በደረጃ እየሰፋ ሄዶ መልሶ የሚጠብ ቅርጽ አለ፤ ለቆመ እንጨት እሱን የሚያህል አይገኝም።

ሁለተኛው ነገር ጾም ነው። እንጨት የሥጋና የቅቤ ስብ ይጠጣል። ለጾምና ለፍስክ ዕቃ በምትለይ ቤት አንድ የእንጨት መክተፊያ አንዴ ሥጋ ከነካው የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይከርማል። በዚያ ላይ ያሰብከው መጠን 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በዕድሜ የገፋች ሴት በየቀኑ አንሥታ ልታጥበው ነው። እኔ ብሆን ሁለት ትንንሽ እሠራለሁ፣ አንዱን ለጾም፣ አንዱን ለፍስክ።

አሠራሩም ያመቻል። ሦስት ጣውላ ታጣብቃለህ፤ እያንዳንዱ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ሰባት ዘንጎች ይሠራል። በመጀመሪያው መሐል ላይ አንድ ዘንግ ብቻ ዋልነት፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው አምስት፤ የቀረው ሜፕል ነው። ኮላው በደንብ ሲደርቅ ጣውላዎቹን በተሻጋሪ በ3.5 ሴንቲ ሜትር ትቆርጣቸውና እያንዳንዱን ቁራጭ የተቆረጠው ፊት ወደ ላይ እንዲሆን ታዞረዋለህ። የጾሙን በዋልነቶቹ ብዛት 1፣ 3፣ 5፣ 3፣ 1፣ 3፣ 5፣ 3፣ 1 ብለህ ደርድር፤ የፍስኩን ደግሞ ከ5 ጀምረህ በ5 ጨርስ፤ ከዚያ መልሰህ አጣብቃቸው። የአንዱ ዳር ጠባብ፣ የሌላው ሰፊ ስለሚሆን እናትህ አይታ ትለያቸዋለች። ለመጋዙ የሚባክነውን ጨምረህ ከሁለተኛው ጣውላ 35፣ ከቀሩት ከእያንዳንዳቸው 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃሃል። እያንዳንዱ መክተፊያ 27 በ21 ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 3 ኪሎ እንኳ አይሞሉም።

ክፈፉ ላይ ግን አጥብቄ እከለክልሃለሁ። እንጨት በእርጥበት የሚሰፋውና የሚጠበው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ የለውም። መክተፊያህ ክሩ ወደ ላይ ስለቆመ ርዝመቱም ወርዱም የሚንቀሳቀስ ነው። ዙሪያውን የምታጣብቀው ክፈፍ ደግሞ ክሩ በጎን የተኛ ስለሆነ አይላወስም። በአሜሪካ የብርድ ወራት፣ ማሞቂያ ባደረቀው ቤትህ የሠራኸው እንጨት አዲስ አበባ ገብቶ ሐምሌና ነሐሴ ያገኘዋል። እርጥበቱ ከ6 ወደ 12 ከመቶ ቢወጣ 45 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሜፕል ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። ክፈፉ ማዕዘኑ ላይ ይከፈታል፣ አለዚያም ከመክተፊያው ይገነጠላል። ዳሩን በጥቂቱ አድቦልቡለህ ተወው፤ ያለ ክፈፍ ጥለቱ ራሱ ይታያል።

ኢፖክሲውም ይቅር። ክሩ የቆመ መክተፊያ የሚወደደው ስለቱ በክሮቹ መሐል ስለሚገባ ነው፤ ቢላዋው ቶሎ አይደንዝም፣ ጭረቱም ብዙ አይታይም። የአገራችን ሥጋ ቤቶች የሚቆርጡበት ጉማጅ ግንድም ክሩ የቆመ ነው። ላዩን በኢፖክሲ ከሸፈንከው እናትህ የምትከትፈው እንጨቱ ላይ ሳይሆን ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ሲጫጫርም ፍርፋሪው ወጡ ውስጥ ይገባል።

በምትኩ ሊኩዊድ ፓራፊን የሚባለውን ዘይት ቀባው፣ ለምግብ ወይም ለመድኃኒት የሚሆነውን። የቆመ እንጨት ዘይት አይጠግብም፤ እንቢ እስኪል ድረስ በየቀኑ ደጋግመህ አጠጣው። ከዚያ አንድ እጅ ንጹሕ የማር ሰም በአራት እጅ ፓራፊን፣ ፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጠህ ለቅልቀው። የምግብ ዘይት አትጠቀም፤ ውስጡ ገብቶ ይበላሽና ይሸታል።

አንድ ነገር ስለ ራስህ ደኅንነት። ሁለተኛው ማጣበቅ ካለቀ በኋላ ላዩን ለማስተካከል ብለህ የኤሌክትሪክ መላጊያ ማሽን ውስጥ እንዳትከተው። የቆመ ክር ማሽኑ ውስጥ ሊፈነዳና ስብርባሪው ሊወረወርብህ ይችላል። በራውተር፣ ማለትም በሚሽከረከር ስለት እንጨት በሚፍቀው የእጅ ማሽን፣ ደረጃውን አስተካክልና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ እስከ 220 ውጣ። ከመጨረሻው በፊት በእርጥብ ጨርቅ አብሰው፤ የእንጨቱ ፀጉር ይቆማል፣ ሲደርቅ በ220 ትጨርሰዋለህ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ አትቸኩል፣ የሚያምረውም እዚህ ላይ ነው።

የዶሮው ብልት በመገጣጠሚያው ስለሚወጣ መክተፊያው አይጎዳም፤ አጥንት መስበሪያ ግን እንዳይሆን ንገራት። ውኃ ውስጥ አይዘፍዘፍ፤ በሁለቱም ፊት ታጥቦ በጠርዙ ይቁም። ከሁሉ የምፈራልህ ፀሐይን ነው፤ እኛ አገር የታጠበ ዕቃ ሁሉ ደጅ ይሰጣል፣ እንዲህ ያለ እንጨት ግን በአንድ ቀትር ሊሰነጠቅ ይችላል። ስጦታውን ስትሰጣት ሽንኩርቱን አንተው ጀምርላት፤ አንዴ ቢላዋ ካረፈበት በኋላ ለቡፌ አትሳሳለትም። ዘይት መቀባቱን ለእኅትህ አደራ ስጣት፣ በወር አንዴ ይበቃል።