የተቃውሞ ግጥም ለምትጽፉ የጎንደር ልጆች

ልጆቼ፣ ስለ ድሃው ስለ ኑሮው ስለ ፍትህ ግጥም የምትጽፉ እየበዛችሁ ነው፣ ደስ ይለኛል። እድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልበላችሁ፣ የተቃውሞ ግጥም ጉልበቱ ከጩኸቱ አይመጣም፣ የሰራተኛውን ስራ ከማወቅ ነው የሚመጣው።

ሃይነ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1844 የሲሌዥያ ሸማኔዎች ረሃብ አንገሽግሿቸው ሲያምፁ ስለነሱ ጻፈ። ግጥሙ ውስጥ ሸማኔዎቹ ቁጭ ብለው እየሸመኑ ነው፣ የሚሸምኑት ግን ለአሮጌዋ ጀርመን መግነዣ ነው፣ ከክሩ ጋርም ሶስት እርግማን አብረው ያስገቡበታል፣ ለፈጣሪ፣ ለንጉሱ፣ ለሀገሪቱ። ሲሌዥያን ትገዛ የነበረችው የጀርመኖች መንግስት ፕሩሲያ ግጥሙን ከለከለችው። እዚህ አዲስ ዓለም ያሉ የድሮ ሸማኔ ይህን ቢሰሙ ማብራሪያ አይጠይቁም፣ ድርና ማጉን ያውቁታላ።

የኛም አገር እንደዛ ነው። ታምሩ ፈይሳ በ1953 «ድሃው ይናገራል»ን ሲያቀርብ ድሃውን ራሱን አናገረው፣ ገጣሚው ገሞራው ደግሞ በ1959 «በረከተ መርገም» ብሎ ሲመጣ የቤተክህነት ትምህርትና ቅኔ ያለፈበት ሰው ስለሆነ እርግማን በአማርኛ እንዴት እንደሚወርድ አሳምሮ ያውቀው ነበር።

ከ66ቱ አብዮት በኋላ የመጣውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ኢንተርናሲዮናል የሚባለው የሶሻሊስቶች መዝሙር ማለት ፈረንሳዊው ፖቲዬ እ.ኤ.አ. በ1871 የፓሪስ ኮሚዩን፣ ማለት የፓሪስ ሰራተኞች ያቋቋሙት አስተዳደር፣ በደም ከተደመሰሰ በኋላ ተደብቆ የጻፈው የተሸናፊዎች ግጥም ነበር፣ እኛ ጋ መጥቶ ግራ እጃችንን አንስተን በየስብሰባው የምንዘምረው ሆነ። ገጣሚውም ሁሉ ላብ አደር፣ መዶሻ፣ ማጭድ፣ ይውደም እያለ አንድ ዓይነት ነገር ጻፈ፣ ስለ ላብ አደሩ በተጻፈ ቁጥር ላብ አደሩ ራሱ ከግጥሙ ጠፋ። በዛ ዘመን እዚሁ ጎንደር ስንት ልጅ ወጥቶ እንደቀረ ቤተሰቦቻችሁን ጠይቁ፣ እኔ ስለሱ ብዙ ማውራት አልችልም።

ስለዚህ ሶሻሊዝሙን አንብቡ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ማራኪ በኩል ህንጻ የሚሰራበትም ሂዱ። አሸዋና ሲሚንቶ በባሬላ ተሸክመው ፎቅ የሚወጡ ሴቶች አሉ፣ ካቦው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ስሙ፣ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ አንዷን ልጇን ማን ጋ ትታ እንደመጣች ጠይቋት፣ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። አያቶቻችን እኮ ወፍጮ ላይ ሆነው ሲያንጎራጉሩ ባላባቱንም ባላቸውንም ይነኩ ነበር፣ ማንም ርዕዮተ ዓለም አላስተማራቸውም፣ ክንዳቸው ላይ ያለው ድካም ነው ግጥም ያወጣው፣ የናንተም ግጥም ከዚህ ቢነሳ አዲስ ነገር ታመጣላችሁ ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ስትጨርሱ መድረክ ላይ ከማቅረባችሁ በፊት በምሳ ሰዓት ሄዳችሁ ለሷ አንብቡላት፣ እንዲህ አይደለም ካለቻችሁ አስተካክሉ። ስሟን ግን እንዳትጽፉ፣ እንጀራዋን ታጣለች።