ጥያቄና መልስ፦ ባልደረቦቻችን ፕሮግራሙን ለምን ይሸሹታል?

ጥያቄ፦ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ መዝገብና የክፍያ ሰነድ የሚዘጋጅበትን ፕሮግራም የሚያበለጽግ አነስተኛ ቡድን እመራለሁ። ፕሮግራሙ የተጠየቀውን ሁሉ ይሠራል፤ ነገር ግን ሙያቸው ኮምፒውተር ያልሆነ ባልደረቦቻችን ሥልጠና ከወሰዱ በኋላም ለትንሹ ነገር ሁሉ ሰው ይጠራሉ። ከቡድኔ አባላት ከፊሎቹ ሥልጠናው ይደገም ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ብዙ የማያገለግሉትን ትእዛዞች ደብቀን ገጹን እናቅልለው ይላሉ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ሐሳቦች ተጠቃሚው የተቸገረው ጥቂት ስላወቀ ወይም ብዙ ስላየ ነው ከሚል ግምት ይነሣሉ። እኔ ከዚያ በፊት ሊመረመር የሚገባው ፍርሃት ነው ባይ ነኝ። ኮምፒውተር የለመደ ሰው የማያውቀውን ትእዛዝ ነክቶ ይሞክራል፣ ካልወደደው ይመልሰዋል፤ አብዛኛውን ዕውቀቱንም ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ያልለመደው ሰው ግን ተሳስቶ ቢነካ የሚመለስበት መንገድ ስለማይታየው እጁን ይሰበስባል፤ ስለማይሞክርም አይማርም፤ ሥልጠናው ቢደገምለትም ከወረቀቱ ላይ ካለው ቅደም ተከተል አንድ እርምጃ የወጣ ነገር ሲገጥመው መልሶ ሰው ይጠራል።

ስለዚህ በመጀመሪያ እያንዳንዱ ትእዛዝ ተመላሽ ይሁን። ብዙ ፕሮግራሞች በዚህ ፈንታ በየደረጃው «እርግጠኛ ነዎት?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ለትንሹም ለትልቁም ጉዳይ አንድ ዓይነት በመሆኑ ሰው ሳያነበው «እሺ» ማለትን ይለምዳል፤ በእውነት ሊያስጠነቅቀው የሚገባው ጊዜ ሲደርስም ጣቱ ይቀድመዋል። የሚሻለው ትእዛዙን ወዲያውኑ ፈጽሞ «3 መዝገቦች ተሰርዘዋል» የሚል አንድ መስመር ከነ«መልስ» ቁልፉ ማሳየት ነው። ማረጋገጫ የሚጠየቀው ክፍያን እንደማስተላለፍና ደብዳቤን ወደ ውጭ እንደመላክ ላሉ የማይመለሱ ሥራዎች ብቻ ይሁን፤ ጥያቄውም የሚከተለውን ነገር በግልጽ ይናገር፦ «ይህ ደብዳቤ ለ240 ተቀባዮች ይላካል» ይበል፣ ቁልፎቹም በ«እሺ» እና በ«ይቅር» ፈንታ «ላክ» እና «ወደ ማረሚያው ተመለስ» ይባሉ። ለእነዚህም ቢሆን ጥቂት የማሰቢያ ጊዜ መስጠት ይቻላል። ጂሜይል ተጠቃሚው እንደመረጠው መልእክቱን ከ5 እስከ 30 ሰከንድ ያቆያል፤ ላኪው በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል።

ፍርሃቱን የሚያባብሰው ሌላው ነገር ፕሮግራሙ ሳይጠየቅ የሚያደርገው ለውጥ ነው። የማይክሮሶፍት የሠንጠረዥ ፕሮግራም ኤክሴል በዜሮ የሚጀምር መለያ ቁጥር ሲጻፍለት ዜሮውን ይጥላል፣ ቀን የሚመስለውንም ጽሑፍ ወደ ቀን ይለውጣል። ይህ ልማዱ ያስቸገረው ጀማሪዎችን ብቻ አይደለም። የዘረመል ተመራማሪዎች «ማርች1» እና «ሴፕት1» በሚሉ አጫጭር ስሞች የሚጽፏቸውን ጂኖች ወደ ቀን እየለወጠ ስላስቸገራቸው፣ የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረገው መመሪያ ስሞቹን ራሳቸውን መቀየሩን አስታውቋል። ማይክሮሶፍት ይህን አሠራር ማጥፋት የሚያስችል ምርጫ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ለሳይንቲስቶች ሶፍትዌሩን ከመግራት ይልቅ ጂን እንደገና መሰየም ከቀለላቸው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሰው ብትጠራ የሚፈርድባት አይኖርም። በእናንተም ፕሮግራም ውስጥ በራሱ የሚለወጥ ነገር ካለ ለውጡ እዚያው በቦታው ይታይ፣ በአንድ ንክኪም ይመለስ።

ትእዛዞችን መደበቅ ከዚህ ቀደም በሰፊው ተሞክሯል። የማይክሮሶፍት የቢሮ ፕሮግራሞች ስብስብ ኦፊስ 2000 የትእዛዝ ማውጫዎቹን (ሜኑዎቹን) አሳጥሮ ተጠቃሚው የሚያዘወትራቸውን ትእዛዞች ያስቀድም፣ የቀሩትን ይሸሽግ ነበር። ሰው ትእዛዝን የሚያስታውሰው በስሙ ብቻ ሳይሆን በቦታውም ስለሆነ፣ ይዘቱ የሚቀያየር ማውጫ አዲሱንም ነባሩንም ተጠቃሚ ያደናግራል። ማይክሮሶፍት በኦፊስ 2007 ያን አሠራር ትቶ ትእዛዞቹን በሥራ ዓይነት መደባቸው፤ ሠንጠረዥን የሚመለከቱት፣ ለምሳሌ፣ ጠቋሚው ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ብቻ ይወጣሉ። እናንተም ብርቅ የሆነውን ትእዛዝ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ማውረድ ትችላላችሁ፤ ዘወትር ግን እዚያው ይገኝ። ፕሮግራሙን በቃሉ የያዘውን ነባር ሠራተኛም አትርሱት። ነፃው የቢሮ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 6.2 ዕትሙ ትእዛዞቹ በትር (ታብ) የተከፋፈሉበት አዲስ ገጽታ ሲያቀርብ የቀድሞውንም ማቆየቱ፣ በእኔ ግምት፣ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

ስለ ቃላት ብዙ አልልም፦ የዳታቤዙ ቋንቋ ገጹ ላይ አይውጣ። «ባዶ እሴት አይፈቀድም» ከማለት «የተቀባዩ ስም አልተሞላም» ማለትና ጠቋሚውን ስሙ ወደሚሞላበት ቦታ ማድረስ ይበቃል።

ሥልጠናውን ከመድገማችሁ በፊት ግን ጥቂት ባልደረቦቻችሁ የዘወትር ሥራቸውን ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በአንድ ዙር 5 ሰዎችን መፈተሽ እንደሚበቃ፣ የቀረውን ጉልበትም ከእርማት በኋላ ለሚደረግ ሌላ ዙር ማዋል እንደሚሻል ይመክራል። ከሁሉ የሚከብደው ዝም ማለት ነው፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው «እዚያ ጋ ይጫኑ» ብሎ የተናገረ እንደሆነ ፈተናው ፈረሰ። እጅ ማውሱ ላይ ቆሞ የሚያመነታበትን እያንዳንዱን ቦታ መዝግቡ፤ የእርማታችሁ ቅደም ተከተል ከዚያ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚው ሲቸገር በራሱ ብቅ ብሎ የሚመክር ረዳት ብንጨምርስ?

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ይህን በኦፊስ 97 ሞክሮታል። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ የሚመስለው ረዳት ደብዳቤ መጀመራችሁን ሲገምት ሳይጠሩት ይመጣ ነበር፤ በሥራ መካከል መግባቱም ብዙዎችን አስመረረ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ኦፊስ ኤክስፒ ካልጠሩት የማይታይ ተደረገ፣ በኦፊስ 2007 ደግሞ ከነጭራሹ ቀረ። የዛሬዎቹ ረዳቶች ከእርሱ እጅግ የላቁ ቢሆኑም ሲጠሩ ብቻ ይምጡ፤ በሰነዱ ላይ የሚያደርጉትንም ለውጥ ሠራተኛው አይቶ እስኪያጸድቀው ድረስ በሐሳብነት ያቅርቡት።