የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማድሌን ያለ ስንዴ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ማድሌን፣ ፊናንሲዬ፣ ማካሮን፣ ካኔሌ የሚባሉትን የፈረንሳይ ትንንሽ ኬኮች ከግሉተንም (ስንዴ ውስጥ ካለው፣ ሊጡን ከሚያለጥጠው ፕሮቲን) ከእንስሳት ተዋጽኦም ነፃ አድርጎ መጋገር ይቻላል ወይ? ይቻላል። ግን ሁሉም እኩል አይቀልም። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ዱቄቱ ነው። እኔ ደግሞ ዋናው ራስ ምታት እንቁላሉ ነው ባይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ከመልሶቹ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የስንዴውን ዱቄት በሩዝ ዱቄት፣ እንቁላሉን ደግሞ በውሃ በተዘፈዘፈ የተልባ ዱቄት ተክቼ ማድሌን ጋገርኩ። ጠርዙ ደረቀ፣ መሃሉ ሙጫ ሙጫ አለ፣ ያ የሚታወቅበት ጉብታም አልወጣለትም። ሲበላ ደግሞ አሸዋ አሸዋ ይላል። ምኑ ጋ ነው የተበላሸብኝ?

መልስ፦ ጥያቄሽ ውስጥ አራት ችግር አለ፤ ተራ በተራ እንየው።

ማድሌን ሎሬን ውስጥ ካለችው ከኮሜርሲ ከተማ ጋር ስሟ የተያያዘ፣ በዛጎል ቅርጽ የምትጋገር ኬክ ናት። ዳቦ አይደለችም። ሊጧ አይታሽም፣ እንዲለጠጥም አይፈለግም፤ እንዲያውም ጋጋሪዎች ግሉተኑ እንዳይጠነክርባቸው ዱቄቱን ቀስ ብለው ነው የሚያዋህዱት። ስለዚህ ስንዴው ሲወጣ የሚጎድለው ነገር ትንሽ ነው። እንቁላሉ ግን ብዙ ሥራ ነበረው። ሲመታ አየር ይይዛል፣ ሲሞቅ ይረጋና ኬኩን ያቆማል፣ ቅባቱን ከውሃው ጋር ያስማማል፣ ቀለምም ይሰጣል። ተልባ ከነዚህ ውስጥ የሚችለው ውሃ ይዞ ማወፈርና ማያያዝ ነው። በሙቀት እንደ እንቁላል አይረጋም። መሃሉ ሙጫ የሆነብሽ አንዱ ለዚህ ነው።

እኔ ብሆን ተልባውን ትቼ ሥራውን አከፋፍለዋለሁ። ማቆሙን ለስታርች፣ ማስማማቱንና ቀለሙን ለአኩሪ አተር ወተት፣ አየሩን ለቤኪንግ ፓውደር። በዚህ ጀምሪ፦ 90 ግራም በጣም የላመ የሩዝ ዱቄት፣ 40 ግራም የአልሞንድ ዱቄት፣ 30 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 90 ግራም ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ 1 ግራም የሲሊየም ዱቄት (ውሃ ይዞ ሊጡን የሚያያይዝ የዘር ልጣጭ)፣ 150 ሚሊ ሊትር ስኳር የሌለው የአኩሪ አተር ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 70 ግራም ዘይት፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ ተፈቅፍቆ። ሎሚውን መጀመሪያ ወተቱ ውስጥ ጨምሪው። ወፈር ይላል፤ የምንፈልገውም ያንን ነው። የአልሞንድ ወተት እዚህ ጋ አያዋጣም፣ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ደግሞ በስኒ ሳይሆን በሚዛን ለኪ፤ የሩዝ ዱቄት በስኒ ሲሰፈር አንዴ ይጠቀጠቃል፣ አንዴ ይሳሳል።

አሸዋው የሚመጣው ካልራሰ የሩዝ ዱቄት ነው። ሩዝ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ሊጡን ሸፍነሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፤ ጠዋት ላይ ስታዪው ወፈር ብሎ ማንኪያ ላይ ይቆያል። ቤኪንግ ፓውደሩን (6 ግራም) ግን ማታ እንዳትጨምሪው። አብዛኛው እርጥበት ሲያገኝ ወዲያው መሥራት ይጀምራልና ጠዋት ጉልበቱ ይቀንስብሻል። ልትጋግሪ ስትይ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት በጥብጠሽ ቶሎ አዋህጂው።

አሁን ወደ ጉብታው። ጉብታ የሚወጣው ቀዝቃዛ ሊጥ ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ነው። ስሱ ጠርዝ ቀድሞ ይረጋል፤ ወፍራሙ መሃል ገና ፈሳሽ ስለሆነ እንፋሎቱና ጋዙ ማምለጫ ሲያጡ ወደ ላይ ይገፉታል። ስለዚህ የብረቱን ቅርጽ ማውጫ ቅባት ቀብተሽ፣ የሩዝ ዱቄት ነስንሰሽ ፍሪዘር አስገቢው። ኦቨኑን 210 ዲግሪ አድርሺ። ሊጡን እስከ አፉ ሳይሆን ሦስት አራተኛ ያህል ሙዪ፣ 5 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ወደ 180 ዝቅ አድርገሽ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ጨምሪለት። በሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ጠርዙ እንዲህ አይቀላልሽም፤ ካለሽ ብረቱን ተጠቀሚ።

የመጨረሻው ትዕግሥት ነው። ከግሉተን ነፃ የሆነ ኬክ ትኩሱን ሲቆረስ ብዙ ጊዜ ጥሬ ይመስላል፤ ስታርቹ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነውና ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አትፍረጂበት።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ይቀላል? እኔ ፊናንሲዬ እወዳለሁ፣ ግን ጣዕሙ ያለው የገበታ ቅቤው ቡናማ እስኪሆን ሲነጠር ነው ይላሉ። ከእፅዋት የተሠራውን ቅቤ ባነጥረው ባነጥረው ቡናማ አልሆነልኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምርጫህ ትክክል ነው። ጀማሪ በፊናንሲዬ ይጀምር። ፓሪስ ውስጥ የአክሲዮን ገበያው አካባቢ ነው የታወቀው ይባላል፤ የወርቅ ጡብ የሚመስለውም ለዚያ ነው ይላሉ። ድሮም ቢሆን ዋናው ነገሩ አልሞንድ ነው፣ የስንዴ ዱቄቱ ጥቂት። እንቁላሉም ነጩ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይመታም። ስለዚህ ከሁሉም ኬኮች ይኼኛው ነው ለውጡን በቀላሉ የሚቀበለው።

ቅቤው ቡናማ ያልሆነልህ የአንተ ጥፋት አይደለም። የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ገደማ ስብ ነው፤ ቀሪው ውሃና የወተት ፕሮቲን፣ የወተት ስኳር ነው። ያ የሚያውድ ሽታ የሚመጣው ፕሮቲኑና ስኳሩ አብረው ሲጠበሱ ነው። ከእፅዋት በተሠራው ውስጥ እነሱ ከሌሉ ሌሊቱን ሙሉ ብታነጥረው ዘይት ዘይት ነው።

መፍትሔው ሽታውን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። የአልሞንድ ዱቄቱን ትሪ ላይ በስሱ አሰጣና 150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ በየጥቂት ደቂቃው እያገላበጥክ ቁላው። ቀለሙ ወደ አሸዋማነት ሲያደላና ሽታው ክፍሉን ሲሞላው አውጣ፤ ከዚያ ካለፈ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይመራል። አንድ ሦስተኛውን በሃዘልነት ዱቄት ብትተካው ወደ ቡናማው ቅቤ የበለጠ ይጠጋል። የአኩሪ አተር ወተት ዱቄት ካገኘህ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅባቱ ውስጥ ጨምረህ በዝግታ እሳት አማስለው። ፕሮቲንም ስኳርም ስላለው እሱ በእርግጥ ቡናማ ይሆናል።

ልኩ ይኸውልህ፦ 100 ግራም የተቆላ የአልሞንድ ዱቄት፣ 50 ግራም የሩዝ ዱቄት፣ 15 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 110 ግራም የላመ ስኳር፣ 4 ግራም ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ በእንቁላል ነጩ ፈንታ 90 ግራም የሽምብራ መቀቀያ ውሃ ሳይመታ፣ 40 ግራም የአኩሪ አተር ወተት፣ 80 ግራም የቀለጠ ቅባት። ለቅባቱ ሽታ የሌለው የተጣራ የኮኮናት ዘይት ይሻላል፤ 24 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሚረጋ ኬኩ ሲበርድ የቅቤ ዓይነት ጥንካሬ ይሰጠዋል። ወተቱ ግን ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ዘይቱ እንደነካው ረግቶ ጓል ጓል ይሠራል፣ ለብ አድርገው። 190 ዲግሪ፣ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ። ጠርዙ በደንብ እስኪቀላ አታውጣው። ፈዛዛ ፊናንሲዬ ጣዕም የለውም፣ በዚህ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ማካሮን ስንዴ የለበትም ተብያለሁ፣ እውነት ነው? በሽምብራ ውሃስ በእርግጥ ይሠራል ወይስ ወሬ ነው? ለእኔ አረፋው ቆሞ ቆሞ ልክ ዱቄቱን ስጨምር ይሟሟል።

መልስ፦ እውነት ነው። የማካሮን ቅርፊት አልሞንድ፣ ስኳርና የእንቁላል ነጭ ነው። የምትጠነቀቂው መሃሉ ላይ ለሚቀባው ክሬም ነው። ስለዚህ እዚህ የቀረሽ ነጩን መተካት ብቻ ነው።

የሽምብራ ውሃውም ወሬ አይደለም። የጥራጥሬ መቀቀያ ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚወጣው 2014 ላይ ይፋ ያደረገው ፈረንሳዊው የመድረክ ዘፋኝ ጆኤል ሮሴል ነው። በዓመቱ አሜሪካዊው ጉስ ዎልት ከስኳር ጋር ብቻ መትቶ የሚቆም ሜሬንግ (በስኳር ተመትቶ የጠነከረ አረፋ) ሠራበት፣ ዛሬ የምንጠራበትን አኳፋባ የሚለውን ስምም አወጣለት። ውሃው ውስጥ ከሽምብራው የወጣ ጥቂት ፕሮቲንና ስታርች አለ፤ አረፋውን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

የሚሟሟብሽ ውሃው ቀጥኖብሽ ይመስለኛል። ጨው የሌለውን ውሃ በትንሽ ድስት አንድ ሦስተኛው እስኪተን ቀቅለሽ ፍሪጅ አሳድሪው። ሲበርድ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ዝልግልግ ማለት አለበት፤ በጣትሽ ነክተሽ ስታነሺው ክር ካልሠራ ገና ነው። አንድ ነጭን 2 የሾርባ ማንኪያ ይተካል። ክሬም ኦፍ ታርታር (አረፋውን የሚያጸና ኮምጣጣ ዱቄት) ቁንጥር፣ ካልኖረሽ ጥቂት የሎሚ ጠብታ ጨምሪና ምቺ። ስኳሩን ቀስ በቀስ ነው። ከእንቁላል ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ በእጅ መምቻ አትድከሚ። ሳህኑ ላይ የቅባት ርዝራዥ ካለ አይነሳም፤ አልሞንዱ ራሱ ዘይት ስላለው ከተጨመረ በኋላ ብዙ አታማስዪው። ሊጡ ከማንኪያው እንደ ሰፊ ጥብጣብ ሲወርድ አቁሚ።

ከዚያ ትሪው ላይ ጨምቀሽ ላዩ ጣት እስከማይዝ ይድረቅ። አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ እርጥበት ባለው አየር ከዚያም ይብሳል። ሙቀቱን 120 ዲግሪ አካባቢ አድርጊው። በእንቁላሉ ማካሮን ሙቀት ከጋገርሽው ውስጡ ባዶ ይሆናል ወይም ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) እንዳለባት ሐኪም ነግሯታል። እኔ ቤት ዳቦ በየቀኑ ይጋገራል። ከስንዴ ነፃ የሆነ ዱቄት ብገዛ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም እናቴ፣ ይህንን በደንብ ልንገርዎት። ሴሊያክ ላለበት ሰው «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት ከግሉተን ነፃ ለሚባል ምግብ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው። በምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚታለፍ ይገምቱት። ወንፊትዎ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ የስንዴ ዱቄት፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የተጫረ ቅርጽ ማውጫ፣ አየር ላይ የተነሳ ዱቄት ሁሉ ችግር ያመጣሉ።

ለልጅቷ የተለየ ወንፊት፣ ማንኪያና ቅርጽ ማውጫ ይያዙላት። የዳቦ ዱቄት በተነሳበት ቀን አይጋግሩላት፤ በማግስቱ ሁሉን አጥበው፣ ጠረጴዛውን ወልውለው ይጀምሩ። ቤኪንግ ፓውደርና የላመ ስኳር አንዳንዱ የስንዴ ስታርች ሊኖረው ስለሚችል ጽሑፉን ያንብቡ። አልሞንድና የሩዝ ዱቄትም ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ ተፈጭተው ሊሆን ይችላልና በጅምላ ተሰፍሮ ከሚሸጥ፣ ከግሉተን ነፃ ተብሎ የታሸገውን ይግዙ። አጃም እንደዚያው ነው፤ ልዩ ምልክት ያለው ካልሆነ ይቅር። አንዳንድ ሴሊያክ ያለባቸው ሰዎች ንጹሑ አጃ እንኳን ስለማይስማማቸው ሐኪሟን ሳይጠይቁ አይስጧት።

ጥያቄ፦ ካኔሌስ? ማንም ደፍሮ አይመልስልኝም።

መልስ፦ የቦርዶው ካኔሌ ከሁሉም ከባዱ ነው። ውስጡ ክሬም መሰል የሆነው በእንቁላል አስኳልና በወተት ነው፣ ቅርፊቱ የሚጠቁረውና የሚንኮሻኮሸው በመዳብ ቅርጽ ማውጫና በሰም ነው፤ የንብ ሰም ደግሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ (ቪጋን) አይደለም። በሰሙ ፈንታ የካካዎ ቅቤ አቅልጦ በስሱ መቀባት ይሠራል። ለውስጡ የሩዝ ዱቄትና የታፒዮካ (የካሳቫ ሥር) ስታርች ቀላቅሎ፣ በሞቀ የአኩሪ አተር ወተት በጥብጦ፣ ቫኒላና ሩም ጨምሮ አንድ ቀን ሙሉ ማሳረፍ ነው። ታፒዮካው ያንን የሚሳብ ነገር ይሰጠዋል። ግን በዛ ሲል ላስቲክ ይሆናል፤ ከሩዙ ሲሶ አይለፍ። መጀመሪያ በኃይለኛ ሙቀት፣ ከዚያ ዝቅ አድርጎ አንድ ሰዓት ገደማ መጋገር አለበት። የሚጣፍጥ ነገር ይወጣል። የቦርዶውን የበላ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል፣ ይህንን ደብቄ አልነግርህም። ከማድሌንና ከፊናንሲዬ በኋላ ሞክረው።

ጥያቄ፦ በማግስቱ ድንጋይ ይሆንብኛል። ፍሪጅ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ፍሪጅ አይሆንም! የሩዝ ስታርች በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው ቶሎ የሚደርቀው። የምትበዪውን በዕለቱ ብዪ፣ የተረፈውን እንደበረደ አሽገሽ ፍሪዘር ክተቺ። ስትፈልጊ አውጥተሽ 160 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አሙቂው፤ ማይክሮዌቭ ላስቲክ ያደርገዋል። የማድሌን ሊጥ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ካልገባበት ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፣ ስለዚህ ስድስት ስድስት እያደረግሽ መጋገር ትችያለሽ።