እግሩ ተሰብሮ ዳሌውን ለምን ቀደዱት?

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ዶክተር። ከደሴ ነው የምጽፍልዎት። ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ወር ገደማ በፊት ሐረጎ ላይ ቆሞ መኪና ሲጠብቅ የሚኒባስ ፓራውልት ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ ስር በጎን በኩል መታው። ጤና ጣቢያ ሪፈር ሲጽፉልን የስብራቱን ኮድ ኤስ 82.2 ብለው ጻፉ፣ ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነስቶ ሲወጣ የሰጡን ወረቀት ግን ኤስ 82.1 ይላል፣ አሁን ኢንሹራንሱ ቁጥሩ አይገጥምም ስብራቱ አንድ ነው ሁለት ብሎ መለሰን። የጎረቤታችን ልጅም ቅልጥሙ ነው የተሰበረው፣ እሱ በጀሶ ብቻ እየረገጠ ዳነ፣ የኔን ወንድም ግን 11 ቀን ዝም ብለው አስተኝተው ነው ኦፕራሲዮን ያደረጉት፣ ብረት አስገቡለት፣ ጭራሽ ዳሌውን ቀደው አጥንት ወሰዱ። እግሩ ተሰብሮ ዳሌው ምን አደረጋቸው? እስካሁንም አትርገጥ ነው የሚሉት። እማዬ ደግሞ ጉልበቱ ደርቋል ወጌሻ በቅቤ ይሸው ብላ ይዛናለች። አሜሪካ ሆስፒታል ቢሊንግ የምትሰራ የአክስታችን ልጅ ደሞ ኮዱ ጎደሎ ነው፣ ሰባት ሆሄ መሆን አለበት አለችን። ግራ ገባን።

መልስ፦ ወአለይኩሙሰላም፣ አብሽሪ እህቴ፣ ስብራቱ አንድ ነው። በዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ኮድ ኤስ ማለት የአካል ጉዳት ነው፣ 82 ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ስብራት፣ ከነጥቡ በኋላ ያለችው ቁጥር ደግሞ የቱ ጋ እንደሆነ ትናገራለች፦ 0 የጉልበት ሎሚ፣ 1 የቅልጥም አናት፣ 2 መሀሉ፣ 3 ታችኛው ጫፍ እያለ ይሄዳል። ጤና ጣቢያ ራጅ ከሌለ ያበጠ እግር አይቶ ቅልጥሙ ነው ብሎ 2 መጻፍ የሚያስወቅስ አይደለም፣ ሪፈር ላይ ያለው ግምት ነው፣ ሲቲ ከታየ በኋላ የተጻፈው ነው የመጨረሻው። ሆስፒታሉ "የቀኝ ቅልጥም የላይኛው ጫፍ ስብራት" ብሎ በቃል የተጻፈ የህክምና ማስረጃ ማህተም አድርጎ ይስጣችሁና ከሲቲው ውጤት ጋር አያይዛችሁ ስጧቸው። የአክስትሽ ልጅም አልተሳሳተችም፣ የእነሱ ሀገር ኮድ የዚሁ የተራዘመ ቅጂ ነው፣ ለምሳሌ ኤስ 82.121ኤ ሲሉ ቀኝ እግር፣ የውጭው ጎን፣ ቦታውን የለቀቀ፣ ቆዳ ያልቀደደና ህክምናው ገና በሂደት ላይ ያለ ማለታቸው ነው፣ እኛ ጋ ግን አጭሩ በቂ ነው።

ያቺ አንድ ቁጥር ናት ወንድምሽን ከጎረቤታችሁ ልጅ የለየችው። የቅልጥም መሀሉ እንደ ምሰሶ ነው፣ ቀጥ ብሎ ከገጠመ ይበቃዋል። አናቱ ግን የጭን አጥንት የሚያርፍበት መጋጠሚያ ነው፣ እንደ ምጣድ ለስላሳና ልክ መሆን አለበት። ምጣድ አንድ ቦታ ጎድጎድ ካለ ሊጡ እዛ ይከማቻል አይደል፣ ጉልበትም እንደዛው ነው፣ ክብደቱ በጎደጎደው በኩል ይከማችና ከዓመታት በኋላ መጋጠሚያውን ይበላዋል። ሻትዝከር የሚባለው ሀኪም በ1979 በፈረንጆቹ ይሄንን ስብራት በስድስት ከፍሎታል፣ እስካሁንም የምንጠቀመው እሱን ነው፣ የወንድምሽ ሁለተኛው ይመስላል፣ የውጭው ጎን ተሰንጥቆ ከላይ ደግሞ የሰመጠ። የሰመጠው ወደ ላይ ሲነሳ ከስሩ ባዶ ይቀራል፣ ምክንያቱም የአናቱ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ሲደፈጠጥ ተመልሶ አይነፋም። ያንን ባዶ የሚሞላው ከዳሌ የመጣው አጥንት ነው፣ ብረቱም ከጎን ደግፎ ይይዘዋል። ዳሌው ይድናል፣ አንዳንዱ እንደውም ከእግሩ ይልቅ እሱ ነው ያመመኝ ይላል መጀመሪያ አካባቢ።

11 ቀኑን በተመለከተ ሀኪሞቹን አልወቅስም። እዛ ቦታ ቆዳው ስስ ነው፣ ባበጠ ቆዳ ላይ ከተቀደደ ቁስሉ አይገጥምም ያመረቅዛል፣ ስለዚህ እብጠቱ ወርዶ ቆዳው ጨምደድ እስኪል እግር ከፍ ተደርጎ ይጠበቃል። መጠበቅ የሌለበት ሌላ ነው፣ ይሄን ለሌሎች አንባቢዎችም ልበል፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባት እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ህመሙ ማስታገሻ ካልያዘው፣ ጣቱን ሲያጥፉለት ከጮኸ፣ እግሩ ከደነዘዘ፣ ያ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻ የሚገድል ነገር ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል። እንዲህ ያበጠ እግር በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ቆይቶ ጠቁሮ የመጣ አይቻለሁ፣ መቁረጥ እንጂ ሌላ የምናደርገው አልነበረም። ወጌሻን ማጥላላት አይደለም ዓላማዬ፣ ይሄ ስብራት ግን የእነሱ ስራ አይደለም።

ለእናትሽ በአክብሮት ንገሪልኝ፣ አይታሽም። በእግር ውስጥ የረጋ ደም ካለ ማሸት ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል፣ ወደ ላይ የተነሳውም አጥንት ገና አልጠነከረም። የደረቀ ጉልበት የሚፈታው ራሱ ሲያንቀሳቅሰው ነው፣ አልጋ ላይ ተረከዙን ወደ መቀመጫው እየሳበና እየመለሰ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ፊዚዮቴራፒስትም ይየው። ሶላት ለጊዜው ወንበር ላይ፣ ሱጁድ ጉልበቱን ሙሉ ለሙሉ ማጠፍ ስለሚፈልግ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መርገጡ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፣ የሚወስነው ግን ራጁ ነው። ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ በክራንች ልውጣ ልውረድ እንዳይል፣ በተለይ በዝናብ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ያቁም፣ አጥንት ያዘገያል።

ጥያቄ፦ እኔም ጉልበቴ ስር ብረት ከገባ ዓመት አለፈኝ፣ ይውጣ ወይ? ከወልዲያ

መልስ፦ ካላመመህ፣ ካልመረቀዘና ቆዳህን እየገፋ ካላስቸገረህ ይቀመጥ። ብርድ ሲሆን ትንሽ ይጠዘጥዛል፣ እሱ ብቻውን ኦፕራሲዮን አያስገባም።